ስለ ግንቦት ልደታ እና ስለ ሴቶች የበዓል ማኅበር ታሪክ

ከሀገራችን በዓላት መካከል ግንቦት 1 ቀን የሚውለው የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም ልደት አንድ ልዩ ጠባይ አለው። በዓሉን የሚያሰናዱት ሴቶች ናቸው፤ የሚሰበሰቡትም በብዛት ሴቶች ናቸው፤ ጸሎቱን የሚያስጀምሩትና ምርቃቱን የሚሰጡትም ባልቴቶች ናቸው። ካህን ቢገኝ እሰየው ይባላል፤ ባይገኝ ግን በዓሉ አይቀርም። በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቅዳሴውና ማኅሌቱ በካህናትና በደብተሮች እጅ እንደ ሆነ ሁሉ፣ በየሰፈሩ ደጃፍ የሚደረገው ይህ ስብሰባ በእናቶች እጅ የቆየ ነው።

የቤተ ክርስቲያናችንን ታሪክ የጻፉ ሊቃውንት ስለ ነገሥታቱ፣ ስለ ጳጳሳቱ፣ ስለ ገዳማቱና ስለ ሃይማኖት ክርክሩ ብዙ ነግረውናል። እምነቱ ግን ከአንዱ ትውልድ ወደ ሌላው ሲተላለፍ በማን ቤት፣ በየትኛው ቀን፣ በምን ዐይነት ጉባኤ እንደ ተላለፈ ስንጠይቅ መልሱ ወዲያው አይገኝም። እኛም ይህን ጥናት ስንጀምር አንድ ጓደኛችን «ንፍሮ መብላት ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» ብሎ ስቆብን ነበር። ጥያቄው ለቀልድ የቀረበ ቢሆንም መልስ የሚገባው ሆኖ ስላገኘነው፣ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለእርሱ የተሰጠ መልስ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

በመጀመሪያ በዓሉ እንዴት እንደሚከበር እንገልጻለን። በአንዳንድ ሰፈር ስብሰባው በዋዜማው ሚያዝያ 30 ቀን ማታ ይደረጋል፤ በሌላው ሰፈር ደግሞ በዕለቱ ነው። ከጥቂት ቀናት በፊት ሁለት ወይም ሦስት ሴቶች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ መዋጮ ይሰበስባሉ። ገንዘብ ያላት ገንዘብ፣ እህል ያላት እህል ትሰጣለች። ከአንዷ ስንዴ፣ ከሌላዋ ባቄላ፣ ከሦስተኛዋ ሽምብራ ወይም በቆሎ ይመጣና በአንድነት በትልቅ ድስት ይቀቀላል። እሳቱ የሚነደው ከቤት ውጭ ነው፤ ሜዳው ላይ ቄጠማ ይጎዘጎዛል፣ ቡና ይፈላል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ድፎ ዳቦ ይቆረሳል፤ ጠላ የጠመቀችም ታመጣለች። ሁሉም ከተሰበሰበ በኋላ አቡነ ዘበሰማያት ይደገማል፤ ከዚያም ከባልቴቶቹ አንዷ «ከዓመት ዓመት ያድርሰን፤ የከርሞ ሰው ይበለን» እያሉ ይመርቃሉ፤ ሌሎቹ «አሜን» ይላሉ። ከንፍሮው ተቀንሶ ሊመጡ ላልቻሉት፣ ማለት ለታመሙና ለአራሶች፣ በልጆች እጅ ይላካል።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው ክፍል የስለቱ ነው። ያለፈው ዓመት ስለቷ የደረሰላት ሴት ዳቦዋን ወይም ሌላ ያሰበችውን ይዛ ትመጣና ምን ለምና ምን እንዳገኘች በሁሉ ፊት ትናገራለች። ልጅ ያጣችው ልጅ አግኝታ፣ የታመመችው ድና፣ ባሏ የራቀው ባሏ ተመልሶ ሊሆን ይችላል። የሚቀጥለው ዓመት ስለት ያላት ደግሞ የዛሬ ዓመት ይህን ይህን ባገኝ ይህን ይህን አመጣለሁ ብላ ትሳላለች። በዚህ አኳኋን የአንዲቱ ሴት ችግር የሰፈሩ ሁሉ ጸሎት ይሆናል፤ ዓመቱን ሙሉ ሲገናኙም «ምነው፣ ነገርሽ ከምን ደረሰ?» መባባል ይገባል። በመጽሐፍ የተጻፈ ስብከት የማትሰማ ሴት የሌላዋን ምስክርነት ስትሰማ ትጸናለች። እኛ በዚህ ጽሑፍ «በእምነት መበረታታት» የምንለው ይህንኑ ነው እንጂ ሌላ ረቂቅ ነገር አይደለም።

ስለ ንፍሮው አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንፈልግም። ንፍሮ በሀገራችን የሐዘንና የጾም ምግብ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ለቀስተኛ ከቀብር ሲመለስ የሚቀርብለት ንፍሮ ነው፤ በጸሎተ ሐሙስ የሚበላው ጉልባንም የንፍሮ ወገን ነው። ታዲያ ለልደት በዓል ንፍሮ ስለ ምን ተመረጠ? በዓሉ በጾም ወራት ስለሚውል ነው እንዳይባል ነገሩ ተቃራኒ ነው። በባሕረ ሐሳብ ቀመር ፋሲካ ከመጋቢት 26 ቀን በፊት አይውልም፤ ከሚያዝያ 30 ቀንም አያልፍም። ስለዚህ ግንቦት 1 ቀን ዘወትር የሚውለው በትንሣኤና በጰራቅሊጦስ መካከል ባለው በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ነው፤ በበዓለ ሃምሳ ደግሞ ረቡዕና ዐርብ እንኳ አይጾምም። ሥጋውም ቅቤውም የተፈቀደበት ቀን ሆኖ ሳለ እናቶች ንፍሮውን አልተዉም። የሚሰጡትም ምክንያት የታወቀ ነው። ኢያቄምና ሐና ከአይሁድ ተንኮል ሸሽተው ወደ ሊባኖስ ተራራ በወጡ ጊዜ እመቤታችን በዚያ ተወለደች፤ የተከተሏቸው ዘመዶችም ቤትና ወጥ ቤት በሌለበት ተራራ ላይ እህል ቀቅለው በሉ፤ እኛም ከቤት ወጥተን ንፍሮ የምንበላው ስለዚህ ነው ይላሉ። የትርጓሜ መምህራን የሊባኖሱን ነገር ከመኃልየ መኃልይ ንባብ ጋራ ያያይዙታል። ስለዚህ በዓሉ የስደተኞች ማዕድ መታሰቢያ ነው፤ እናቶቻችንም ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቁታል።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። የእመቤታችን ተአምር የሚነገርበት ተአምረ ማርያም ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው በዐፄ ዳዊት ዘመን፣ በ14ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻና በ15ኛው መጀመሪያ ገደማ እንደ ሆነ ይታወቃል። መጽሐፉ በሕዝብ ዘንድ ሥር እንዲሰድ ያደረጉት ግን ልጃቸው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1426–1460 ዓ.ም.) ናቸው። እኒህ ንጉሥ ሠላሳ ሦስቱ የማርያም በዓላት እንዲከበሩ፣ በየበዓሉም ተአምሯ እንዲነበብ አዝዘዋል፤ በግብፅ የምጥማቅ ገዳም መፍረሱን በሰሙ ጊዜም በተጉለት ደብረ ምጥማቅን በስሟ አሠርተዋል፤ በ1442 ዓ.ም. የሰንበት ክርክር የተዘጋበት ታላቁ ጉባኤም የተደረገው በዚሁ ደብር ነው። ልደታ ከሠላሳ ሦስቱ አንዱ ነው። ስለዚህ በዓሉን በዐዋጅ ያጸናው ቤተ መንግሥቱ ነው ለማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ዐዋጁ ንፍሮውንና ስለቱን አላዘዘም። ንጉሥ ቀኑን ሊወስን ይችላል፤ በቀኑ ምን እንደሚደረግ ግን ያከበረው ሕዝብ በራሱ ጊዜ ይወስነዋል።

እዚህ ላይ የጉዳያችን ዋና ክርክር ይነሣል። በአንዳንድ ስፍራ የግንቦት ልደታ ስብሰባ የሚደረገው በትልቅ ዛፍ ሥር ነው፤ ዛፉም አድባር ይባላል፤ ግንዱን ቅቤ የሚቀቡ፣ በሥሩ የሚያርዱና ደም የሚያፈስሱም አሉ። ከዚህ የተነሣ የቤተ ክርስቲያን መምህራን በዓሉ ሲቃረብ አድባር ማምለክ ከክርስትና ውጭ ነው ብለው አጥብቀው ያስተምራሉ። በሌላ በኩል ደግሞ ከዘመናዊ ተማሪዎች መካከል በዓሉ ከክርስትና በፊት የነበረ የዛፍ አምልኮ ነው፤ የማርያም ስም ኋላ የተለጠፈበት ነው የሚሉ አሉ።

ሁለቱም ወገኖች አንድ ነገር የዘነጉ ይመስለናል። ከዚህ በላይ የጠቀስናቸው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የማርያምን በዓላት ያበዙት ባዕድ አምልኮን በጽኑ በተዋጉበት በዚያው ዘመን ነው። ዜና መዋዕላቸው ደስክና ዲኖ የተባሉትን የሚያመልኩትን እንዴት እንዳሳደዱ፣ ወንዶችና ሴቶች ልጆቻቸው እንኳ በዚሁ ክስ ተይዘው እንዴት በጭካኔ እንደ ተቀጡ ይተርካል። በንጉሥ ቤት ውስጥ ይህ ከሆነ በገጠሩ ምን እንደ ነበረ መገመት ይቻላል። ሰው ዛፉን እንዲተው በሰይፍ ሲታዘዝ፣ በምትኩ የሚሄድበት ቀንና የሚጠራው ስም ተሰጠው። የሁለቱ መገናኘት የማይቀር ነበር። በእኛ አስተያየት የሚጠየቀው ጥያቄ «ዛፉ ከማርያም ይቀድማልን?» የሚለው አይደለም፤ ምናልባት ይቀድም ይሆናል። የሚጠየቀው በዛፉ ሥር የተቀመጡት ሴቶች ማንን እንደሚጠሩ ነው። ባየንበት ስፍራ ሁሉ የተጠራችው እመቤታችን ናት፤ የተደገመውም አቡነ ዘበሰማያት ነው። ግንዱን ቅቤ ስለ መቀባት ግን የመምህራኑን ተግሣጽ እኛም ትክክል ነው እንላለን፤ ከጠየቅናቸው እናቶችም ብዙዎቹ ይህን ትተዋል፤ አንዲት ባልቴት «ጥላው መቼም ለማርያምም ይሆናል» ብለው መልሰውልናል።

የሴቶች ማኅበር እምነትን ያጸናል ስንል ከንፍሮ ማዕድ የበለጠ ማስረጃ እንድናቀርብ የሚጠይቀን አይጠፋም። ማስረጃው በ17ኛው ምዕት ዓመት ታሪክ ውስጥ ይገኛል። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት በይፋ በተቀበሉ ጊዜ ከተቃወሟቸው መካከል የቤተ መንግሥቱ ወይዛዝርት ዋነኞች ነበሩ። ከእነዚህም ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ እጅግ የታወቀች ናት። ባሏ መልክአ ክርስቶስ ከንጉሡ ታላላቅ የጦር ሹማምንት አንዱ ነበር፤ ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞተውባታል። ባሏ በ1609 ዓ.ም. የተገደሉትን የአቡነ ስምዖንን ልብስ መውሰዱን ባወቀች ጊዜ ከእርሱ ጋራ ለመኖር እንቢ አለች፤ ኋላም መነኰሰች። ንጉሡ ከያዟት በኋላ ወደ በረሓው ወደ ዠበይ አግዘዋት ሦስት ዓመት ቆየች።

ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ወለተ ጴጥሮስ በግዞቱ ስፍራ ብቻዋን አልቀረችም። ሴቶችም ወንዶችም እየተከተሏት የመጀመሪያው ማኅበሯ የተሰበሰበው በዚሁ በረሓ ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ዕረፍቷ፣ ማለት እስከ ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. ድረስ፣ በጣና ዙሪያና በሌላም ስፍራ በጠቅላላው ሰባት ማኅበራትን አቋቁማለች። እኅተ ክርስቶስ የተባለችው ባልንጀራዋም እስከ መጨረሻው አልተለየቻትም። ገድሏ በ1665 ዓ.ም. በገላውዴዎስ እጅ የተጻፈ ሲሆን ጸሓፊው የሚያውቋትን መነኰሳይያት እየጠየቀ ያሰባሰበው ነው። እንግዲህ አንባቢ ያስተውል፤ ንጉሡ በ1624 ዓ.ም. የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ ዐዋጅ ያስነገሩት በጦርነት ብዛት ተገድደው ነው፤ ነገር ግን ዐዋጁ እስኪመጣ ድረስ ሕዝቡን ያቆየው አንዱ ኀይል ሴቶች እርስ በርሳቸው ተሰብስበው መጸለያቸውና መመካከራቸው ነበር። ይህ የእኛ ግምት ብቻ ሳይሆን ገድሉ ራሱ የሚመሰክረው ነው።

በገዳሟና በሰፈሩ ማኅበር መካከል ትልቅ ልዩነት እንዳለ አንክድም። ወለተ ጴጥሮስ ዓለምን የናቀች መነኵሲት ናት፤ የግንቦት ልደታ ሴቶች ግን ባል፣ ልጅና ጓዳ ያላቸው ናቸው። በሁለቱ መካከል የሚገኘው የጽዋ ማኅበር ነው። ይህ እንደ ልደታ በዓመት አንድ ጊዜ የሚደረግ ሳይሆን በየወሩ ነው፤ የማርያም ማኅበር በ21፣ የኪዳነ ምሕረት በ16፣ የሚካኤል በ12 ቀን ይጠጣል። አባላቱ የተወሰኑ ናቸው፤ ተራ አላቸው፤ አለቃቸውን በብዙ ስፍራ ሙሴ ይሏቸዋል። ተረኛዋ ጠላውን ጠምቃ ዳቦውን ጋግራ ትቀበላለች፤ በመጨረሻም የሚቀጥለው ወር ተረኛ ጽዋውን በልብስ ሸፍና ወደ ቤቷ ትወስዳለች። የተጣሉ ሴቶች ሳይታረቁ ከጽዋው አይቀምሱም፤ ያለ በቂ ምክንያት የቀረች መቀጮ ትከፍላለች። አንዷ ምጥ ሲይዛት «ማርያም ማርያም» እያሉ ከደጅዋ የሚቆሙት፣ ስትገላገልም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለው ገንፎ የሚበሉት በአብዛኛው እነዚሁ ናቸው።

ድካሙን ግን ማቃለል አይገባም። ጠላ በአንድ ቀን አይደርስም፤ ጌሾው ይወቀጣል፣ ብቅሉ ይበቅላል፣ አሻሮው ይቆላል፣ ጥንስሱ ይጣላል፣ ድፍድፉ ይሰነብታል። ይህን ሁሉ የምትሠራው ሴት ናት፤ በወንዶች ማኅበር እንኳ ተሰብሳቢው ባል ሲሆን ጠማቂዋ ሚስት ናት። ተራዋ ደርሶ የሚጠመቅ ያጣች ድኻ ከማኅበሯ በኀፍረት የቀረችበት ጊዜ አለ። ይህ የማኅበሩ ነውር ነው፤ ልንሸፍነውም አንወድም። በከተማ ያሉ አንዳንድ ማኅበራት ጠላውን በለስላሳ መጠጥ ለውጠው ወጪውንም በእኩል መዋጮ ያደረጉት ስለዚህ ነው፤ የቀድሞውን ሥርዓት የሚወድዱ ባልቴቶች ቢያጉረመርሙም ለውጡ ደግ ነው እንላለን። የግንቦት ልደታ ስብሰባ ከጽዋው የሚበልጥበትም በዚህ በኩል ነው፤ አንድ እፍኝ ሽምብራ ያመጣችና አንድ ቁና ስንዴ ያመጣች ከአንድ ድስት ይበላሉ፤ ድስቱም የማን እህል የት እንዳለ አይናገርም።

በቅርቡ ዘመን ታሪክ ውስጥ አንድ ቀን መጥቀስ ያስፈልጋል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ ቤተ ክርስቲያን ርስቷንና ጉልቷን አጣች። ለደብሩ የበዓል ድግስ የሚሆነው ገቢ በዚያው ቀረ፤ ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ሃይማኖት በአደባባይ የሚነቀፍበት ዘመን መጣ። የሴቶቹ ማኅበር ግን የሚወረስ ርስት አልነበረውም፤ የነበረው ጋንና ድስት ነው። ለዚህ ይመስለናል ትልልቆቹ ድግሶች ሲቀንሱ የሰፈሩ ንፍሮ ያልቀነሰው።

ማኅበሩን ይበልጥ የነካው ፖለቲካ ሳይሆን ቤት ነው ብንል የሚያስደንቅ አይሆንም። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሲሠሩ የድሮ ሰፈሮች ፈርሰው ጎረቤት ከጎረቤት ተለያይቷል። ለሠላሳና ለዐርባ ዓመት አብረው ንፍሮ የበሉ ሴቶች አንዷ በከተማው ምሥራቅ፣ ሌላዋ በምዕራብ ዕጣ ወጥቶላቸዋል። አንዳንዶቹ ለልደታ ብቻ በአውቶቡስ ተሳፍረው ወደ ቀድሞው ሰፈራቸው ይመለሳሉ፤ ሌሎቹ በሕንፃዎቹ መካከል ባለው ግቢ እሳት አንድደው ከማያውቋቸው ጎረቤቶች ጋራ አዲስ ይጀምራሉ። በአሜሪካ የሚኖሩት ደግሞ በዓሉን ወደ ቅዳሜ ወይም ወደ እሑድ አዛውረው፣ ንፍሮውን በየቤታቸው ቀቅለው በቤተ ክርስቲያን ግቢ ይገናኛሉ። በደጅ እሳት ማንደድ በማይፈቀድበት ስፍራ በዓሉ ያለ ጉልቻ ይከበራል።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ይህ ነው። በእናቶቻችን ትውፊት እመቤታችን የተወለደችባት ሊባኖስ ዛሬ ብዙ ሺሕ ኢትዮጵያውያት በቤት ሠራተኛነት የሚኖሩባት ሀገር ናት። እሑድ ዕረፍት ያገኙት በቤይሩት ተሰብስበው ይጸልያሉ፤ ብዙዎቹ ግን ዕረፍት የላቸውም፤ ፓስፖርታቸውም በአሠሪያቸው እጅ ነው። ስለዚህ በአዲስ አበባ ንፍሮ የምትበላ እናት ሊባኖስ የሚለውን ስም ስትሰማ የምታስበው የመጽሐፉን ተራራ ብቻ አይደለም።

በአንድ ሰፈር ሁለት ዓመት ተከታትለን በዓሉን አይተናል። በመጀመሪያው ዓመት አንዲት እናት ልጃቸው ከቤይሩት በሰላም ብትገባላቸው ድፎ ዳቦ ሊያመጡ ተሳሉ። በሁለተኛው ዓመት ድፎውን በኮባ ቅጠል እንደ ተጋገረ በነጠላ ሸፍነው መጡ። ሴቶቹ ተነሥተው እልል ሊሉ ሲሉ እናትዮዋ እጃቸውን አንሥተው፣ «ኧረ አልገባችም» አሉ። ስለት ሳይደርስ ይከፈላልን፣ አይከፈልም በሚል ትንሽ ክርክር ተነሣ፤ አንዷ እትዬ ዳቦው ለከርሞ ይቆይ ሲሉ ሌላዋ ዳቦ እንዴት ለከርሞ ይቆያል ብለው ሁሉንም አሳቁ። በመጨረሻ በዕድሜ የሚበልጡት ባልቴት ቢላዋ እንዲመጣላቸው አዘዙ፤ ዳቦውንም ባርከው ቆረሱ፤ የመጀመሪያውን ቁራሽ ለእናትዮዋ ሰጡና «ብድር ነው፣ እመቤቴ ትከፍላለች» አሉ።